ከክሊኒክ መልስ
በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «የደራሲ የዕለት ኑሮ፤ ከሐሳቡ መነሻ እስከ ኅትመቱ» የሚል ነው። ስልክ የደወለልኝ የክፍላችን ልጅ ደግሞ «ድመትሽንም አትርሺ» ብሎ ሳቀብኝ። አልረሳም፤ ተራዋ ሲደርስ ትመጣለች። ነገር ግን እኔ አንድ የአጫጭር ልብወለዶች መድበል ያሳተምኩ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። አንድ መጽሐፍ ይዤ ስለ ደራሲነት ሰዓት ሙሉ ባወራ ትዝብት ነው የሚሆንብኝ። ስለዚህ የዛሬው ወሬዬ አብዛኛው ስለ አንድ የሙያ ባልደረባችን ይሆናል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞን ስለተመረቀው ስለ ዶክተር አንቶን ቼኾቭ።

የእሱ ስም ሲነሳ ሕክምናን ከሚስት፣ ድርሰትን ከውሽማ ጋር ያመሳሰለባት አባባል ሁልጊዜ ትጠቀሳለች። እሷን ዛሬ እንለፋት። የእኔ ጉጉት ሌላ ነው። ሰውየው በሽተኛ መቼ ያያል? መቼ ይጽፋል? ማን ይከፍለዋል? ቤቱ ውስጥስ ማን አለ? ደግነቱ ቼኾቭ ደብዳቤ መጻፍ የማይሰለቸው ሰው ስለነበረ፣ ብዙውን ከራሱ ደብዳቤዎች እናውቀዋለን። ስለ እሱ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1860 ታጋንሮግ በምትባል የደቡብ ሩሲያ የወደብ ከተማ ተወለደ። አያቱ የመሬት ከበርቴ ንብረት ሆነው የኖሩ፣ በኋላም ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን በገንዘብ ነጻ ያወጡ ገበሬ ናቸው። አባቱ ባለ ሱቅ ነበሩ፤ በ1876 ከሰሩና ከአበዳሪ ሸሽተው ሞስኮ ገቡ። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ እዚያው ለብቻው ቀረ፤ የሰው ልጅ እያስጠና ኖረ። ከእኛስ መካከል የሰው ልጅ እያስጠና ያልተማረ ስንቱ ነው? በ1879 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ ገባ፤ በ1884 ተመረቀ።

መጻፍ የጀመረው ተማሪ ሳለ ነው፤ የጀመረውም ለገንዘብ ነው። ይህን ደፍሬ የምናገረው፣ ድርሰት ሁልጊዜ ከሰማይ የሚወርድ መንፈስ እየተደረገ ስለሚወራ ነው። ወላጆቹና ታናናሾቹ ከእሱ እጅ ይጠብቁ ነበር። «ኦስኮልኪ» የሚባል የፒተርስቡርግ ሳምንታዊ የቀልድ መጽሔት በመስመር 8 ኮፔክ ይከፍለው ነበር። ጽሑፉ ከ100 መስመር ብዙ እንዳያልፍ ይፈለጋል። የሚፈርመውም በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን «አንቶሻ ቼኾንቴ» ብሎ ነው። አሁን የሚደነቅበት ቁጥብነት አንዱ መነሻ ይኸው የመጽሔቱ የመስመር ገደብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀን አናቶሚ፣ ማታ ቀልድ! ቤቱም ጸጥታ የሌለበት፣ ሰው የሞላበት ቤት ነበር።

በ1886 ግሪጎሮቪች የተባለ አንጋፋ ደራሲ «ተሰጥኦህን አታባክን፤ በጥድፊያ አትጻፍ» የሚል መልእክት ያለው ደብዳቤ ላከለት። የወጣቱ ሐኪም መልስ የሚገርም ነው። ከአንድ ቀን በላይ የሠራሁበት አንድም ታሪክ አላስታውስም አለ። ግሪጎሮቪች የወደደለትን «አዳኙ» የተባለውን ታሪክ ደግሞ የጻፈው ወንዝ ዳር ባለች የመታጠቢያ ጎጆ ውስጥ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት በጥቂት ሥራውን አዘገየ፤ በገዛ ስሙም መፈረም ጀመረ። በ1888 የፑሽኪን ሽልማትን እኩሌታ አገኘ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልምጣ። ሐሳቡ ከየት ይመጣል?

ቼኾቭ ማስታወሻ ደብተር ነበረው። ከ1891 ጀምሮ እስከሚሞትበት ዓመት የያዛቸው ደብተሮች ዛሬም አሉ። ውስጣቸው ትልልቅ ፍልስፍና የሚፈልግ ሰው ያዝናል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሰው ስም፣ ሰው ተቆጥቶ የተናገረው ቃል፣ የአንድ ታሪክ ፍሬ ሐሳብ በሁለት መስመር፤ ይኸው ነው። የተጠቀመበትን ይሰርዘዋል።

እኛ ደግሞ ይህን ነገር በሌላ ስም ተምረነዋል፤ «ታሪክ መውሰድ» እንለዋለን። መምህሮቻችን «የበሽተኛውን ዋና ችግር በራሱ ቃል ጻፉ» ሲሉን የነበረውን ታስታውሳላችሁ። አንዲት እናት «ከትናንት ማታ ጀምሮ ፊቱን ከጡቴ ያዞርብኛል» ትላለች። እኛ ካርዱ ላይ «አይጠባም» ብለን እንጽፋለን። ልክ ነን፤ ካርዱ የሚፈልገው ይኼንኑ ነው። ተረኛው ሐኪም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ካርዱን ሲያነሳ «ፊቱን ያዞርብኛል» የሚለውን ለማጣጣም ጊዜ የለውም። ነገር ግን «ያዞርብኛል» የምትለዋ «ብ» የት ትሂድ? እናትየው ሕፃኑ ያኮረፋት መስሏት ሌሊቱን ሙሉ ስታስታምመው አድራለች ማለት እኮ ነው። እኔ ደብተር የያዝኩት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው። ካርዱ ላይ መግባት የሌለበት፣ መጥፋትም የሌለበት ነገር ማረፊያ አጣብኝና ነው።

ደብተሬ ላይ ስም የለም፤ የካርድ ቁጥር የለም፤ ቀን የለም፤ ቀበሌ የለም። ይህን ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ የወሰንኩት ነው። የሐኪም ጽሕፈት ከፋርማሲስት በቀር ማንም አያነበውም ቢባልም፣ ደብተር ይወድቃል፤ ደብተር ይሰረቃል።

አሁን ስለ ውሎው እንነጋገር። በ1892 ቼኾቭ ከሞስኮ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ሜሊኾቮ በምትባል መንደር መሬትና ቤት ገዝቶ ቤተሰቡን ይዞ ገባ። በዚያው ዓመት የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ አካባቢው ይቃረብ ነበር። የወረዳው አስተዳደር ሐኪም ሲያጣ እሱ ያለ ደመወዝ ተመዘገበ። የተሰጠው ክልል 25 መንደሮች፣ 4 ፋብሪካዎችና አንድ ገዳም ነበር። ረዳት የለውም፤ ድንኳንና መድኃኒት የሚገዛበትን ገንዘብ ከባለ ሀብቶች እየዞረ የሚለምነው ራሱ ነው። ገበሬዎቹን ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ንጽሕና ያስተምራል። መንገዱ ጭቃ፣ ጋሪው የሚያንገጫግጭ።

ይህን ሳነብ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆላድባ ነው ትዝ ያለኝ! እኛ «የቡድን ሥልጠና» እየተባልን ከጤና መኮንኑ፣ ከነርሱ፣ ከላቦራቶሪውና ከሳኒታሪያኑ ጋር ተጭነን የወረድንበት ጊዜ። ቤት ለቤት እየዞርን መጸዳጃ ስንቆጥር፣ ምንጭ ስናጎለብት፣ ማታ በፋኖስ ሪፖርት ስንጽፍ። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆና ስትጀመር ይዛው የተነሳችው ሐሳብ ሐኪም ሕዝቡ ካለበት ይሂድ የሚል ነበር። የሩሲያው የወረዳ ሐኪምም ከዚያው ሐሳብ የተወለደ ነው። ቼኾቭን እኛ ከማናቸውም አንባቢ ቶሎ የምንረዳው በዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ በዚያ የኮሌራ በጋ ስንት ታሪክ ጻፈ? ከሞላ ጎደል ምንም። በደብዳቤዎቹ ጊዜ እንዳጣ ደጋግሞ ያማርራል። ይህን የምነግራችሁ «ሥራ ስለሚበዛብኝ እንጂ እጽፍ ነበር» ለምትሉ ወዳጆቼ ማጽናኛ እንዲሆን ነው። የማይጻፍበት ወቅት አለ። «ዋርድ ቁጥር 6» የሚለው ታላቅ ታሪኩ የወጣው ግን በዚያው በ1892 መጨረሻ ነው። በሽተኞቹን ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ግድየለሽ ሆኖ ስለበደለ ሐኪም የሚናገር ታሪክ ነው። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ሁሉ ቢነበብ እወድ ነበር።

ሜሊኾቮ ላይ ጠዋት ሲነጋ በሽተኞች በር ላይ ይጠብቃሉ። እህቱ ማሪያ ቁስል ታስርለታለች፣ መድኃኒት ታቀብላለች። ከዚያ የአትክልት ቦታው፣ እንግዳው፣ እንደገና በሽተኛው። እንግዳ ሲበዛበት በግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት ሠራ፤ «ሲጋል» የተባለውን ተውኔት በ1895 የጻፈው እዚያች ቤት ውስጥ ነው። በዙሪያው ላሉ የገበሬ ልጆችም 3 ትምህርት ቤቶች አሠርቷል።

ከዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ውሾቹ አሉ። በ1893 የ«ኦስኮልኪ» አዘጋጅ የነበረው ሌይኪን እግራቸው አጭር ወገባቸው ረጅም የሆኑ ሁለት ዳክሹንድ ቡችሎች ሰጠው። ወንዱን «ብሮም»፣ ሴቷን «ኪና» አላቸው። ብሮም ያው ብሮማይድ ነው፤ ኪና ደግሞ ኪኒን። ያን ጊዜ ከሐኪም ቦርሳ የማይጠፉ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። ቤተሰቡም እንደ ሩሲያ ባህል የአባት ስም ጨምሮ «ብሮም ኢሳዬቪች» እና «ኪና ማርኮቭና» እያለ ያከብራቸው ነበር። ማታ ማታ ቼኾቭ ከኪና ጋር ረጅም ጨዋታ ይይዝ እንደነበር ወንድሙ ጽፏል። ከእነሱም በፊት በ1890 ከሳኻሊን ደሴት ሲመለስ ሲሎን ላይ ሞንጉስ ገዝቶ ሞስኮ ድረስ ይዞ መጥቶ ነበር። እንስሳው ቤቱን አተራመሰው፤ በመጨረሻ ለሞስኮ መካነ እንስሳት ተሰጠ። የብሮምና የኪና የልጅ ልጅ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በደራሲው በናቦኮቭ ቤተሰብ ቤት አደገ። ውሻም የዘር ሐረግ አለው ማለት ነው።

እሺ፣ ድመቷ። እኔ ቤት ያለችው ድመት ቀይ ናት። ልጆቼ «አሞክሲ» ብለው ስም ያወጡላት ስለ ቼኾቭ ምንም ሳያውቁ ነው፤ ከእናታቸው አፍ የማይጠፋውን ቃል ወስደው ነው። እኔ የምጽፈው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የልጆች ቁርስ፣ ትምህርት ቤት፣ ዎርድ፣ ክሊኒክ፣ ሳምንት ሲደርስ አዳር። አሞክሲ በ10 ሰዓት ተኩል ትነሳለች፤ የማነሳሳት ችሎታዋም ከማንቂያ ደወል ይበልጣል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ትተኛለች። ደራሲዎች ድመት የሚወዱት ስለ ነፍስ ጥልቀት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ የማውቀው ሙቀት እንደምትፈልግና መብራቱ እኔ ጋ ብቻ እንደሚበራ ነው። ያም ሆኖ ሌላ ሰው በተኛበት ቤት ከአንድ የሚተነፍስ ፍጥረት ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ሥራውን ያቀልለዋል። ቡቺ ደግሞ በር ላይ አለ፤ ስለ ሥነ ጽሑፍ አስተያየት የለውም፤ ሥራውን ይሠራል። የሕፃናት ሐኪም ስለሆንኩ ሳልናገር አላልፍም፤ ውሻችሁንና ድመታችሁን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ። በዚህ በሽታ ልጅ ሲሞት ያየ ሰው ይህን ለማለት መድረክ አይመርጥም።

ከኑሮው አንድ ነገር አለ፤ ለእኛ ለሐኪሞች ተግሣጽ የሚሆን። ቼኾቭ ደም ማሳል የጀመረው በተመረቀበት ዓመት፣ በ1884 ነው። የሚያስሉ በሽተኞችን ደረት እያዳመጠ የራሱን አላስዳመጠም። ለቤተሰቡ «የጉሮሮ ነው» እያለ 13 ዓመት አለፈ። በመጋቢት 1897 ሞስኮ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ብዙ ደም አሳለው፤ ሆስፒታል ተኛ፤ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ በይፋ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። ባክቴሪያውን ኮኽ ያገኘው በ1882፣ ቼኾቭ ተማሪ ሳለ ነው፤ ነገሩን አያውቅም ማለት አይቻልም። መድኃኒቱ በጊዜው አልነበረምና ቶሎ ቢመረመር ይድን ነበር አልልም። ነገር ግን ያርፍ ነበር፤ አየር ወደሚስማማው ቦታ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ወደ ያልታ ሄደ፤ እዚያም ሁለት ውሾችና አንድ ለማዳ ወፍ፣ ክሬን የምትባለዋ፣ ግቢው ውስጥ ይዞሩ ነበር። በሐምሌ 1904 ጀርመን አገር ባደንቫይለር ላይ ሲሞት 44 ዓመቱ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ስንቶቻችን ነን በዚያ ዕድሜ ያለነው? ስንቶቻችንስ ነን ደም ግፊታችንን የለካነው? ተመልከቱ፣ ሁሉም አንገቱን ደፋ!

ወደ ኅትመቱ ልለፍ። በ1896 «ሲጋል» ፒተርስቡርግ ላይ ሲታይ ተመልካቹ ሳቀበት፤ ደራሲው ከቴአትር ቤቱ ወጥቶ ብቻውን በሌሊት ሲዞር ቆየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ተውኔት ሞስኮ ላይ ተደነቀ። በ1899 ደግሞ ማርክስ ለተባለ አሳታሚ የሥራዎቹን መብት በ75,000 ሩብል ሸጠ። ለጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነው። ዕዳ ነበረበት፤ ያልታ ላይ ቤት ይሠራ ነበር፤ ዕድሜውም አጭር እንደሆነ ያውቅ ነበር። አሳታሚው ግን እጅግ አብልጦ አተረፈ። ጎርኪና ሌሎች ወዳጆቹ ውሉ እንዲሻሻል ሊጠይቁለት ተነሡ፤ እሱ «ፈርሜያለሁ» ብሎ ከለከላቸው። የተውኔቶቹን የመድረክ ገቢ ግን በውሉ ውስጥ አላስገባም። እንግዲህ ውል ስትፈርሙ የምትሸጡትን ብቻ ሳይሆን የምታስቀሩትንም ቁጠሩ።

እኛ አገርማ የሚገዛን ማርክስም ብዙ የለም! ብዙው ደራሲ አሳታሚው ራሱ ነው። ገንዘቡን ያጠራቅማል፤ ወይም ይበደራል፤ ማተሚያ ቤት ለማተሚያ ቤት እየዞረ ዋጋ ያስተያያል። ወረቀቱ በውጭ ምንዛሪ ስለሚመጣ የሰኞው ዋጋ ሐሙስ ላይሠራ ይችላል። ከዚያ እርማት፤ የ«ሀ» እና የ«ሐ»፣ የ«ሰ» እና የ«ሠ» ክርክር ከአርታዒው ጋር። ከዚያ አከፋፋዩና ሻጩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እኔ 1,000 ኮፒ አሳትሜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካርቶኖች በራሴ መኪና አድርሻለሁ። አንድ አዟሪ መጽሐፌን ለእኔው ሊሸጥልኝ «እሜቴ፣ ይቺ ሐኪም የጻፈችው ናት፤ ታስለቅሳለች» ብሎኛል። ከዚያ የተሻለ ሂስ አላገኘሁም።

አሁን በልቤ ይዤው ወደመጣሁት ነገር ልግባ። በ1892 መጀመሪያ ቼኾቭ «ፖፕሪጉንያ»፣ «ፌንጣዋ» እንደማለት፣ የምትል ታሪክ አወጣ። አንዲት ሴት፣ ሐኪም ባሏና ሠዓሊ ወዳጇ ያሉበት ነው። ታላቁ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ሌቪታን የቼኾቭ የልብ ወዳጅ ነበር። ታሪኩን አነበበና «ይኼ እኔ ነኝ» አለ። ቼኾቭ የሴቲቱን ዕድሜ ቀይሯል፤ መልኳን ቀይሯል። አላዳነውም። ሁለቱ ወዳጆች ለ3 ዓመት ያህል ተኳርፈው በ1895 ነው የታረቁት። ልብ በሉ፣ ሌቪታን የቼኾቭ እኩያ ነው፤ ስም አለው፤ ሊቆጣ ይችላል፤ ሊያኮርፍ ይችላል። የእኛ በሽተኛ ግን መጽሐፋችንን ላያነብ ይችላል፤ ቢያነብም ወደ እኛው ክሊኒክ ነው የሚመለሰው። ማኩረፍ አይችልም።

አዲስ አበባ የተወለደው፣ ሕክምናንም እዚያ የጀመረው አብርሃም ቨርጊስ በ2009 ባሳተመው ልብወለዱ አዲስ አበባን በስሟ ጠርቶ ሆስፒታሉን ግን ፈጥሮታል። ይኼ አንድ መንገድ ነው። እኔም በመድበሌ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ከብዙ ሰው አጣምሬ ፈጥሬያቸዋለሁ። አንድ ታሪክ ግን ሊጣመር እምቢ አለኝ።

የልብ ቧንቧ በር ችግር የነበረባት ልጅ ናት። ታውቁታላችሁ፤ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ ከዚያ የመገጣጠሚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ልብ። በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ቀድሞ ቢደርስ የሚያቆመው ነገር። እሷ ስትደርስልን ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ሰልፍ ረጅም ነበር። ዎርድ ስንገባ ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀን ስለ ራሷ አልነበረም። ቤት ስለተወቻት ግልገል ነበር። «በልታለች ወይ? ማን ያግዳታል?» ትላለች። ተራው ከመድረሱ በፊት ሞተች። ዛሬ ስነግራችሁ ዕድሜዋን አልተናገርኩም፤ አገሯንም አልናገርም። ግልገሏን ግን አልቀየርኩም፤ እናቷ ፈቅዳልኛለች፤ ይህን ንግግር እንደማደርግም ታውቃለች።

ታሪኩን ጻፍኩት። ስሟን ቀየርኩ። መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል እናቷን አስፈልጌ አገኘኋት። ማንበብ አትችልም፤ እኔው አነበብኩላት። ክሊኒኩ ባዶ ከሆነ በኋላ፣ ማታ። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። የግልገሏን መልክ ስለማላውቅ አልጻፍኩትም ነበር። «ቦራ ነበረች» አለችኝ፤ «ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። እሱን ይጨምሩበት።» ጨመርኩ። ከዚያ «ዶክተርዬ፣ ስሟን ለምን ደበቁት?» አለች።

ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን እንደሆነ፣ በሽተኛው ቢሞትም ግዴታው እንደማይሞት፣ ያስተማራችሁኝን ሁሉ ባጭሩ ነገርኳት። አዳምጣኝ «ስሟ ከጠፋማ ምኑን ተጻፈ?» አለች።

ምን ልበላችሁ። እኛ ስም የምንደብቀው ለመጠበቅ ነው። ለእሷ ደግሞ ስም መደበቅ ልጇን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው። ሁለታችንም ልክ ነን። ፈቃድ ማለት ቅጽ ላይ አውራ ጣት ማስፈረም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን ታናሽ እህት አለቻት፤ እሷም መርፌው ተጀምሮላታል። የሟቿ ስም ከታወቀ የትንሿም ይታወቃል። «ልቧን የታመመች» የሚል ወሬ ገጠር ውስጥ ትዳርና ሥራ ድረስ ይከተላል። ይህን ስነግራት አሰበችና «አባቷ ይጠየቅ» አለች። አባትየው ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርደው ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ በስልክ አገኘናቸው። ሰምተው ሲያበቁ ያሉትን አልረሳውም። «እኛስ ፈቀድን። የቀረችዋ ልጅ ግን አድጋ ትጠየቅ።»

እኛ በስንት ኮሚቴ የምንደርስበትን አባትየው በአንድ ዓረፍተ ነገር ደረሱበት። ታሪኩን ከመጽሐፉ አወጣሁ። ማተሚያ ቤቱ የሚያትመው በ16 ገጽ ጥቅል ስለሆነ ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ባዶ ወረቀቶች ቀሩ። መጽሐፉን የገዛችሁ «ለምን ባዶ ሆነ?» ብላችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኼ ነው። የታሪኩ አንድ ቅጂ፣ እውነተኛው ስም የተጻፈበት፣ ተጠርዞ እናትየው ቤት ሣጥን ውስጥ አለ። ትንሿ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላት ትጠየቃለች። «አይሆንም» ካለች አይታተምም። መርፌዋን ሳታቋርጥ በየወሩ እየወሰደች ነው፤ ከታሪኩ መታተም ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን ሦስት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ ይጻፉ። በክሊኒክ ዓመታት በሳምንት አንድ ሰዓት ትሰጣቸው፤ ካርዱ ላይ የማይገባውን ነገር የሚጽፉባትና እርስ በርስ የሚያነቡባት። ማርክ አይኑራት። ሁለተኛ፣ ስለ በሽተኛ ለሚጽፍ ምሩቅ ኮሌጁ አጭር መመሪያ ያውጣ፤ ማን ይጠየቃል፣ እንዴት ይነበብለታል፣ ሟች ሲሆንስ የማን ድምፅ ይሰማል የሚለውን። ዛሬ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ ደራሲ ነው፤ የዎርድ ወሬ ከምሳ በፊት አገር ያዳርሳል። ይህ የእኔና የጥቂት ጸሐፊዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሦስተኛ፣ መመሪያው ሲረቀቅ ከሐኪምና ከሕግ አዋቂ ጋር አንድ ወላጅ ይቀመጥ። ማንበብ የማይችል ቢሆንም፤ እንዲያውም ማንበብ የማይችል ቢሆን ይሻላል።

ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ አንድ ብቻ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በሩ አጠገብ ያሉት ተመራቂ ነርሶች ደም ግፊት ይለካሉ፤ ኮሚቴውን ለምኜ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ማንም ሳይለካ ወደ ምሳው እንዳያልፍ።

 መምህሮቻችንን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ ከመካከላችን የተለዩትን ነፍሳቸውን ይማር፤ በሚቀጥለው መገናኛ በዓል ሳንጎድል ያገናኘን።